የጉለሌ ሚኒ ሚዲያ፦ አድማጩ በር ላይ የሚጠብቀው ጣቢያ

የአራት ሰዓቱ ደወል ተደውሎ የክፍል በሮች ሲበረገዱ ተማሪው ሁሉ ወደ ሜዳውና ወደ ሻይ ክበቡ ይፈሳል። ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አራት ልጆች ግን ሰዉን እየሰነጠቁ በተቃራኒው ይሮጣሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ሲደርሱ አንዱ ቁልፍ ያወጣል፣ አንዷ ሶኬቱን ትሰካለች፣ ሌላው አምፕሊፋየሩን ያበራል። አራተኛዋ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዛለች። በቃላቱ መሃል በእርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ይታያሉ፤ ትንፋሽ የምትወስድባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ረዥም ስም ደግሞ እንዳያደናቅፋት በሰረዝ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ማይኩን በጣቷ ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ከጣሪያው በላይ ጥሩምባው ይመልስላታል። ከዚያ በኋላ መላው ግቢ የሚያውቀው ሰላምታ ይወጣል፦ ውድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ሚኒ ሚዲያ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ማለዳ ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፍ ሰምቶታል፣ በረፍት ሰዓት አጅቦታል፣ አንዳንዱም ስሙ ሲጠራበት ደንግጧል። ሞገድ የለውም፣ አንቴና የለውም፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። ጣሪያና ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሦስት ጥሩምባዎች፣ ከእነሱ ወደ አንዲት ክፍል የሚወርድ ሽቦ፣ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ማይክ፤ ጣቢያው ይኸው ነው። ብዙ ሰው እንደ ማስታወቂያ መንገሪያ ስለሚቆጥረው ትኩረት ሳይሰጠው ያልፋል። እኔ ግን በትምህርት ቤቶቻችን ካሉ ነገሮች ሁሉ እንዲህ የተናቀና እንዲህ ያለ አቅም የተሸከመ አላውቅም። ምክንያቱን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

ሬዲዮ ወደዚህ አገር የገባው ከላይ ወደ ታች ሲናገር ነው። የአቃቂው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋና ሥራው የመንግሥትን ቃል ለአገርና ለዓለም ማድረስ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላም የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ በእሱ በኩል ወጣ። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አዋጅ የተሰማው በሬዲዮ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ መውረድ የተነገረውም በሬዲዮ ነው። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራች ድምፅ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ሲወረስ ስሙ ወዲያው ተለውጦ የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማይኩን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያዳምጣል። የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ብዙው ይህ ነው።

ወደ ትምህርት ቤት የገባውም ድምፅ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። የትምህርት በሬዲዮ ዘመን የደረሰ ሁሉ መምህሩ ሬዲዮውን ተሸክሞ ወደ ክፍል ሲገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ሙዚቃው ከተሰማ በኋላ ክፍሉ ጸጥ ሲል ያስታውሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ የተባለው የክፍል ቴሌቪዥን መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው በሳተላይት ወደየክፍሉ ይገቡ ጀመር። ፕላዝማ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰኮንዶች ትጠብቃለች፣ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም በጣም ጥሩ ብላ ትቀጥላለች። ያንን ዘመን ያየ ተማሪ አይረሳውም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በኤፍኤም 94.7 ትምህርት አስተላልፏል። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ትልቅ ውለታ ነበር፤ ድምፁ የሚመጣው ግን ያኔም ከውጭ ነው።

ሚኒ ሚዲያ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ድምፁ ከልጁ ይነሳል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለው፤ አድማጩ እዚያው ነው። የኤፍኤም ጋዜጠኛ ስም አበላሽቶ ቢጠራ ባለቤቱ ምናልባት ስልክ ይደውላል፣ ምናልባትም ይተወዋል። የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ግን ከክፍሏ ስትወጣ ስሙ የተበላሸበት ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የ9ኛ ክፍል ቡድን ትናንት አሸነፈ ብሎ የዘገበ ልጅ ውጤቱን ከገለበጠው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ሰው ከቦ ያርመዋል። ስለ ጋዜጠኝነት ተጠያቂነት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጽሐፍ ከመማር በፊት በ15 ዓመት ዕድሜ በአካል መማር ይህ ነው። ለዚህ ነው ሚኒ ሚዲያን የእውነተኛ ሬዲዮ ትንሽ ልጅ አድርገው ሲያዩት የሚከፋኝ። በዚህ ረገድ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ይበልጣል።

አሁን ወደዚያች ክፍል እንግባ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ጥሩምባው ራሱ ነው። ጥሩምባ ስፒከር የተሠራው ሩቅ እንዲጮህ እንጂ ጥሩ ድምፅ እንዲሰጥ አይደለም። የድምፅን መሃለኛ ክፍል አጉልቶ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይቆርጣል። የሰው ድምፅ በእሱ ሲወጣ ቀጭንና ነጭናጫ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቃላትን ከቃላት የምንለይባቸው ተነባቢዎች፣ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት፣ ኃይላቸው ያለው በሚቆረጠው ቀጭኑ በኩል ስለሆነ ከሜዳው ማዶ ለተቀመጠ ልጅ ተቀራራቢ ቃላትና ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሊሰሙት ይችላሉ። ስለዚህ ልምድ ያላት አንባቢ ቁጥር ስትደርስ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፣ ደግማም ትናገረዋለች። «በ» እና «ፐ» ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው፤ ትንፋሹ ማይኩን በቀጥታ ሲመታው ከጥሩምባው ቡፍ የሚል ድምፅ ይወጣል። መፍትሔው ዋጋ አያስከፍልም፦ ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን መያዝ።

ሌላው ድምፁ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። ድምፅ በሰኮንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንዱ ጥሩምባ ካንተ 10 ሜትር፣ ሌላው 80 ሜትር ቢርቅ የሁለተኛው ድምፅ አምስተኛ ሰኮንድ ያህል ዘግይቶ ይደርስሃል። አንድ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል ማለት ነው። ከፎቁ ግድግዳ ተመትቶ የሚመለሰው ደግሞ ይጨመርበታል። በፍጥነት የሚያነብ ልጅ በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ጩኸት እንጂ ዜና አያሰራጭም። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሰመሩት መስመሮች ሥራቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የምትወስዳት ዝምታ የኋለኛው ጥሩምባ እስኪጨርስ የምትጠብቅበት ጊዜ ናት።

ከዚያ የታወቀው ፉጨት አለ። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ እንደገና ያወጣዋል፣ ማይኩ እንደገና ይሰማዋል፤ በአፍታ ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይሆናል። ብዙ ልጆች ሲደነግጡ ማይኩን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያባብሰዋል። በሩንና መስኮቱን መዝጋት፣ ማይኩን ወደ አፍ ማስጠጋትና የማይኩን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ግን ይሠራል። በዚያ ላይ የሽቦ ጉዳይ አለ። 8 ኦም የሆኑ ሁለት ጥሩምባዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ አምፕሊፋየሩ የሚያየው ጭነት 4 ኦም ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ከ3 በታች ይወርዳል፤ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ አንድ ቀንም ይቃጠላል። ድምፁ ግቢውን አላዳረሰም ተብሎ ጥሩምባ በላይ በላይ ሲጨመር በርካታ ትምህርት ቤቶች መሣሪያቸውን የሚያጡት እንዲህ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ተከታታይና ጎን ለጎን እስር ሰሌዳ ላይ ከሚያስተምር ክፍሉን ይዞ እዚህ ቢመጣ እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሜጋፎን አለ፤ እሱም ከሌለ ጉሮሮ።

መሣሪያው ከተሟላ የሚቀረው ትልቁ ነገር ነው፤ ምን ይነገር?

የተለመደው አሰላለፍ ይታወቃል። የቀኑ ጥቅስ፣ ማስታወቂያ፣ ትንሽ ዜና፣ የአውሮፓ ኳስ፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ፣ ዓርብ ዓርብ የዘፈን ምርጫ። ከእነዚህ ሁሉ በጸጥታ የሚደመጠው የጠፋና የተገኘ ዕቃ ማስታወቂያ ነው። እሱም የራሱ ጥበብ አለው። ሞባይል ተገኝቷል ሲባል ቀለሙ፣ ሽፋኑ፣ ስንጥቁ አይነገርም። ባለቤት ነኝ ብሎ የሚመጣ ራሱ ይናገረዋል። የዘፈን ምርጫም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ10ኛ «ለ» ለ10ኛ «መ» ተብሎ የተላከ ዘፈን የሰው ልብ ሊያሞቅም፣ ጠብ ሊያስነሳም ይችላል። ስለዚህ ጠንካራ የሚኒ ሚዲያ ክበቦች ሙሉ ስም አያነቡም፣ ያልጠየቀችን ልጅ ስም በማይክ አያነሱም። ክፍያ ያልከፈለ ወይም በፈተና የወደቀ ልጅ ስምም በጥሩምባ መጠራት የለበትም። ይህን የመጨረሻውን የሚጥሱት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ሳይሆኑ አዋቂዎቹ ናቸው።

ልጆቹ የሚሳቡት የኤፍኤም ድምፅ ወደ መኮረጅ ነው። በ1990ዎቹ ኤፍኤም አዲስ 97.1 ከጀመረ፣ ኋላም ሸገር 102.1 እና ሌሎቹ ከመጡ ወዲህ የከተማው ልጅ ጆሮው በእነሱ ተቀርጿል። ስፖርት የሚያነበው ልጅ አፉን ሞልቶ ሲንጎማለል ሰምታችሁ ይሆናል። መጥፎ አይደለም፤ ሰው በመኮረጅ ይጀምራል። ግን የክበቡ አስተባባሪ መምህር ሥራ ልጁን ወደ ራሱ ድምፅ መመለስ ነው። ለዚህ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበበትን ትረካ እንዲሰሙ ከማድረግ የተሻለ ትምህርት አላገኝም። እዚያ ውስጥ ያለው ድምፅ ለመታየት አይሽቀዳደምም። ገጸ ባሕርያቱን አስቀድሞ ራሱ ከኋላ ይቆማል።

ይዘቱ ላይ ግን መኮረጁ የባሰ ነገር ያመጣል። ልጆቹ ስለ ማንቸስተርና ስለ አርሰናል ሁሉን ያውቃሉ፤ ጉለሌን ግን አይዘግቡም። ይህ ክፍለ ከተማ ደግሞ የወሬ ድሃ አይደለም። ሽሮ ሜዳ የሽመና መንደር ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የወላጆቻቸውን ድር የሚያዘጋጁ፣ ጥለት የሚሠሩ ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። የአንድ ነጠላ ጥለት ስንት ቀን ይፈጃል፣ ክሩ ከየት ይመጣል፣ ለበዓል ዋጋው ለምን ይጨምራል ብሎ ከልጁ በተሻለ የሚመልስ ማን አለ? ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች አሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በትምህርት ቤቱ በር ያልፉ ነበር፤ ያ ደን ፓርክ ሲሆን ኑሯቸው እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ለ16 ዓመት ልጅ የሚከብድ ጥያቄ አይደለም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከተማው ሁሉ ሊያየው የሚመጣ ቦታ ነው፤ ለጉለሌ ልጅ ግን በእግር የሚደረስ ነው። አዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ መጀመሪያ ነው። አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካለ የሳምንት ፕሮግራም ተገኘ ማለት ነው።

ከግቢው ውስጥም እንዲሁ። ውሃ ሦስት ቀን ከጠፋ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ከተሰበረ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በረፍት ሰዓት ከተዘጋ፣ ተማሪው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ሚኒ ሚዲያው ግን በዚያው ቀን ስለ ሰዓት አክባሪነት ጥቅስ ያነባል። እዚህ ላይ ነው ጣቢያው አድማጩን የሚያጣው። ልጆች ዝም ብለው ሲራመዱ፣ ከጥሩምባው ሥር ቆመው እርስ በርስ ሲጯጯሁ ብታዩ ሥርዓት የጎደላቸው እንዳይመስላችሁ። የሚነገረው እነሱን እንደማይመለከት ገብቷቸዋል።

በአብዛኛው ትምህርት ቤት ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት አስተባባሪ መምህሩ ያየዋል። እኔ ይህን አልቃወምም። ስድብ፣ ሐሜት፣ የብሔርና የሃይማኖት ንክኪ ያለበት ነገር በሺህ ልጅ ፊት ከመውጣቱ በፊት አንድ አዋቂ ሊያየው ይገባል። ነገር ግን ማየትና መሰረዝ ይለያያሉ። ጥሩ መምህር ስለ ውሃው የተጻፈውን ዜና አይጥለውም። ቧንቧው የተዘጋው መቼ ነው፣ ኃላፊውን ጠይቃችኋል፣ ምን አለ ብሎ ልጆቹን መልሶ ይልካቸዋል። ልጆቹ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አንኳኩተው መልሱን ይዘው ሲመጡ ዜናው ከቅሬታ ወደ ዘገባ ይለወጣል። ርዕሰ መምህሩም ቢሆን በኮሪደር ከሚወራበት ምላሹ ከጥሩምባው ቢሰማለት ይሻለዋል። ትምህርት ቤት ማይኩን ለልጆቹ አምኖ መስጠት አለበት የምለው እንዲህ ተይዞ ነው፤ ያለ ጥንቃቄ አይደለም፣ በፍርሃትም አይደለም።

የጉለሌ ግቢዎች አንድ ተጨማሪ ሀብት አላቸው፤ ቋንቋ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤቶች የሚመጣው የጋሞዎቹ ቋንቋ በአንድ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። የእንግሊዝኛ ቀን በየትምህርት ቤቱ አለ። ለምን የእናት ቋንቋ ሰላምታና ተረት በሳምንት አንድ ቀን አይኖርም? በስሙ ብቻ የሚታወቅ ልጅ ግቢው በሙሉ ቋንቋውን ሲሰማለት ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያን የሚያውቀው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የትምህርት ቤት የስርጭት ክበብ የታወቀ ባህል ነው። ተማሪዎች በምሳ ሰዓት በግቢው ስፒከር ያሰራጫሉ፤ የአገሪቱ የሕዝብ ጣቢያ ኤንኤችኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በንባብና በዝግጅት የሚያወዳድር አገር አቀፍ ውድድር ያካሂዳል። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሄቨርፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የራሳቸው ኤፍኤም ጣቢያ አላቸው። የእኛ አቅም ለአሜሪካው ሳይሆን ለጃፓኑ ይቀርባል፤ መሣሪያው ይመሳሰላል፣ ስፒከርና ማይክ። የጎደለው ውድድሩ ነው። ከመድኃኔዓለም፣ ከእንጦጦ አምባና ከሌሎች የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ክበቦች በዓመት አንዴ ተገናኝተው የአምስት ደቂቃ ዘገባ ቢያቀርቡና አሸናፊው በኤፍኤም 94.7 ቢተላለፍ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አዳራሽና አንድ ቀን ነው።

ወደ ሞገድ የመውጣት በሩም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ስርጭትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ከፍሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ሬዲዮን አስቀጥሏል። ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ በር ገብተዋል፤ ከጉለሌ ቁልቁል፣ ከስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በኤፍኤም 99.4 ይሰማል። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ማሰራጫ፣ ምሰሶና ቋሚ ባለሙያ ከባድ ወጪ ነው። ስልክ ላይ መቅዳት፣ በነጻ ሶፍትዌር መቁረጥና ለጎረቤት ጣቢያ መስጠት ዛሬ ከዚያ ይቀላል። ያለው ጥሩምባ በአግባቡ ሳይሠራበት ስለ ሞገድ ማለም ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል።

የሚኒ ሚዲያ ትልቁ ጠላት መሣሪያ ማጣት አይመስለኝም፤ ዕውቀቱ በየዓመቱ መጥፋቱ ነው። ምርጥ አንባቢዎቹ ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ሐሳባቸው ሁሉ ብሔራዊ ፈተና ላይ ነው፤ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዝግጅቱም ጭንቀቱም ጨምሯል። ሲሄዱ የትኛው ገመድ እንደሚነካካ፣ የትኛው ጥሩምባ እንደሚያፏጭ፣ የማን ስም እንዴት እንደሚጠራ አብሯቸው ይሄዳል። መስከረም ላይ አዲሶቹ ከዜሮ ይጀምራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ተረኛ አንድ የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ልጅ ከታኅሣሥ ጀምሮ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ከየካቲት በኋላ ሳምንት በሳምንት ማይኩን ይያዝ፣ ከፋሲካ መልስ ጣቢያው ሙሉ በሙሉ የእነሱ ይሁን፤ ትልልቆቹም ለማማከር ብቻ ይምጡ። የተነበቡት ወረቀቶች ደግሞ ቀን ተጽፎባቸው በአንድ ክላሰር ይታሰሩና ቤተ መጻሕፍት ይግቡ። በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ ከተነበቡ በኋላ ተጨማደው የሚጣሉት እዚያችው ክፍል ጥግ ካለው ካርቶን ውስጥ ነው።